የአባዬ ዓሣዎች

አባዬ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ድመቷና በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሉት የሱ የባሕር ዓሣዎች ነን። የምግባቸውን ጣሳ ሳልከድን ብተወው ያቺ ቀበጥ ድመት ሙሉውን ገንዳው ውስጥ ዘረገፈችው። ውሃው ወተት መሰለ፣ ኮራል የሚባለው ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረትም ነጣ፤ ሦስት ዓሣ ብቻ ተረፈ።

እህቴ በስልክ «አንተ ዝርክርክ! ውሃውን እየቀየርክ ሦስት ቀን ምግብ እንዳትሰጣቸው። እነሱም ከሞቱ የአባዬ ነገር አለቀ» አለችኝ።

«እሺ እታለም፣ እኔም አብሬያቸው እራባለሁ።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ጠራ። አዲስ ጣሳ ይዤ «ኑ፣ እናንተ ሆዳሞች!» ብላቸው ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ሦስቱም በአባዬ ባዶ ወንበር በኩል ተኮልኩለው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

«ኧረ እዚህ ነኝ!»

ከወንበሩ በኩል፣ አባዬ በሁለት ጣቱ እያሸ እንደሚበትነው፣ ምግብ ቀስ እያለ ውሃው ላይ ይወርድ ጀመር። የኔ ጣሳ ገና አልተከፈተም።