ሁለት ጊዜ የዋሸው አስተርጓሚ

«እናቴን ሁለት ጊዜ ዋሽቻታለሁ...»

ልጁ ማይኩን ጨብጦ እንዲህ ሲል አዳራሹ ጭጭ አለ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኮ ሳቅ በሳቅ ነበር!

እናቱ ካረፈች ስድስት ወር ሆኗታል። አባቱ «የእኔን ሚስት በእንባ ብቻ አናስታውሳትም» ብሎ ዘመዱን፣ ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረቦቿን ሰብስቧል።

አንዷ ጎረቤት «እሷ ስትስቅ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ምን እንዳሳቃት ሳላውቅ እስቅ ነበር» ብላ ሰዉን ስታፍነከንክ ቆይታለች።

አሁን ተራው የልጁ ነው። ሥራው አስተርጓሚነት ነውና የሚናገረውን ሁሉ ራሱ በሁለት ቋንቋ ይለዋል።

እናትየው ሰው አገር የገባችው ገና ወጣት ሙሽራ ሆና ነው። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ ኖረች። ቤቷ ስትገባ ግን የአገሩን ቋንቋ ከ«ደህና አደራችሁ» አታሳልፍም...

ባንክም ቢሆን፣ ሐኪም ቤትም ቢሆን፣ ትምህርት ቤትም ቢሆን አፏ ልጇ ነው።

«የመጀመሪያው ውሸት» አለ ልጁ፣ «አሥር ዓመቴ ላይ ነው። አስተማሪዬ አስጠርታት ‹ልጅሽ ማንበብ አቅቶታል፣ ሰንፏል› አለቻት። እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? ‹ልጅሽ ከክፍሉ አንደኛ ነው፣ እንኳን ወለድሽው ብላሻለች!›»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እሷም ግንባሬን ሳመችኝ፣ በማግስቱ ማታ ደግሞ ‹እንዲህ ጎበዝ ከሆንክማ ከዛሬ ጀምሮ የነሱን መጽሐፍ እያነበብክ በእኛ ቋንቋ ትነግረኛለህ› አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ! ይኸው ዛሬ የምተዳደረው በዚያ ነው።»

ከዚያ ወደ ሁለተኛው አለፈ...

«ሁለተኛው ግን አያስቅም። ሐኪሙ ‹ቢበዛ ሦስት ወር ነው የቀራት› አለ። እኔ ‹ድካም ነው፣ ካረፍሽ ይለቅሻል ብሏል› ብዬ ተረጎምኩላት። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ቀኑ ሄደ። እናቴ እንደምትሞት ሳታውቅ ሞተች... የመሰናበቻ ጊዜዋን ሰረቅኳት።»



ይሄኔ ከኋላ አንዲት ደልዳላ ሴት ብድግ አለች። ከእናትየው ጋር ሃያ ዓመት አንሶላ ያጠፈች ባልደረባዋ ናት፤ የዚያው አገር ሰው።

«ቆይ ቆይ... ለማን ነው ስትተረጉም የነበረው?»

«ለእናቴ።»

«ለእናትህ?! እሷ እኮ በእኛ ቋንቋ ከእኔ በላይ ነበረች! የዕረፍት ቀናችንን ሲከለክሉን ሥራ አስኪያጁን በነገር ወጋ ወጋ አድርጋ ያስመለሰችልን እሷ ናት። ቀልዷማ... ለልጅ አይነገርም እንጂ!»



ልጁ ዞር ብሎ ቢያይ አባት ሆዬ አንገቱን ደፍቷል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ሲባል ለካ እየሳቀ ነው!

«አባዬ! ታውቅ ነበር?»

«አስምላኝ ነው እንጂ ስንት ጊዜ ምላሴ ላይ መጥቶ መለስኩት! አንተና ወንድሞችህ ትንንሽ ሆናችሁ እርስ በርስ በነሱ ቋንቋ ብቻ ማውራት ስትጀምሩ ደነገጠች። ‹እኔ መቻሌን ካወቁ የእኛን ይተዉታል። ከእናቴ ጋር በስልክ ምን ሊያወሩ ነው? በቃ እኔው ልሞኝላቸው› አለች። የአንድ ሳምንት ነገር መስሎኝ ነበር... ሃያ አምስት ዓመት!»

«አስተማሪዋ ያለችውንስ?»

«በማግስቱ ለብቻዋ ሄዳ ‹ምን ላድርግለት?› ብላ ጠየቀቻት። ‹በየቀኑ ያንብብ› አለቻት፣ አስነበበችህ። አንተን ላለማሳፈር ደግሞ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ነው ስትስቅ ያመሸችው።»

አዳራሹ እንደገና ተንጫጫ። ልጁ ግን አልሳቀም።

«እና... ሐኪሙ ያለውን...»

አባትየው ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

«አንዲት ቃል አላመለጠቻትም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ?»

«አንተ ስትወጣ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አየኸው ልጄን? ዓይኑ እንባ ሞልቶ እኔን ያጽናናል። አደራ፣ ይህን ውሸቱን እንዳትነካብኝ!› አለችኝ። ከዚያስ? አኩርፋት ለነበረችው እህቷ ደውላ ታረቀች፣ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ጠርታ አቀፈች። አንተንስ በየቀኑ ‹ና ጎኔ ቁጭ በል፣ ወሬ አምጣ› ትልህ አልነበር?»

«ትለኝ ነበር...»

«እና ሦስት ወር ሙሉ ስትሰናበትህ ነው እኮ የከረመችው!»

ልጁ አባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ለስድስት ወር አንቆ የያዘው ነገር ያን ቀን ለቀቀው።

ወዳጆቼ... አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? ይህቺ እናት ለልጆቿ ስትል ሃያ አምስት ዓመት አውቃ ተኝታለች!

እናት ስትሞኝላችሁ ሞኝ እንዳትመስላችሁ። እናታችሁ በሕይወት ያለችላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ አመስግኗት፤ ያረፈችባችሁም እሷን እያስታወሳችሁ ሳቁ፣ ደስ ይላታል።

እስቲ እናንተ... እናታችሁ አውቃ እንዳላወቀች ያለፈችላችሁ ውሸት የቱ ነው? ኮመንት ላይ ተናዘዙ! እናቴ ታነበዋለች ብላችሁ አትፍሩ... ድሮውንም ታውቀዋለች 😄