ዙሩ አይቆምም

«እትዬ ፍሬን፣ እግሬን!» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ደንግጣ አነሳችለት። ዕድሜዋን ሙሉ መንዳት እያስተማረች፣ ከመኪና ለማጆች ጎን ተቀምጣ፣ በእሷ በኩል ያለውን ትርፍ ፍሬን ስትረግጥ የኖረች ሴት ናት። አደጋ የመጣ በመሰላት ቁጥር ቀኝ እግሯ ሳያማክራት ይረግጣል። ዳንስ መማር ከጀመረች ወዲህ የሚረገጠው አብሯት የሚጨፍረው ሐኪም ጫማ ሆኗል። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚማሩት ናቸው፤ እሷም አልጠላችውም።

አሁን ግን ሐኪሙ ምንም አላጠፋም። በዳንስ አዳራሹ በር ላይ ታላቅ ወንድሟን አይታ ነው።

ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ ቆሟል። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ያስተማራት እሱ፣ የዳራት እሱ፣ ባሏ የተቀበረ ቀን ክንዷን ይዞ ያቆማትም እሱ። እምቢ ብላው አታውቅም። እምቢ ሊባል የሚችል ሰው መሆኑም ታስቧት አያውቅም።

«ጋሼ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ታዲያ እንቁም?»

መቆም የት አለና! ዋልትዝ ሲጨፈር ጥንዶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አዳራሹን ይዞራሉ፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ማንም ወለሉ ላይ አይገተርም፤ አንዱ ከቆመ ከኋላ ያለው ሁሉ መጥቶ ይላተመዋል። ከኋላቸው ደግሞ ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ እየመጡ ነበር። ሁለቱም ደልደል ያሉ ናቸው፣ ሁለቱም ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጨፍሩት። ከእነሱ ጋር መጋጨት የሚሻ ሰው የለም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ልጅ፣ ነይ ውጪ» አላት።

«እየጨፈርኩ ነው ጋሼ» ብላ አለፈችው። ሌላ ምን ትበለው?

ተመልሳ እስክትመጣ መጠበቅ ግዴታው ሆነ። የተቆጣ ሰው ቆሞ ተራ ሲጠብቅ አያምርበትም፤ አንዴ ኮፍያውን ያደርጋል፣ አንዴ ያወልቃል። ስትመጣ ግን ቃሉን አሰናድቶ ቆይቷት ነበር። «ባልሽ ከሞተ ገና ምኑ ነው? ሰው ምን ይላል? እንደ ኮረዳ የሰው ወንድ አቅፎሽ…»

የቀረውን የሰማው ጀርባዋ ነው።

«የሰው ወንድ የተባልኩት እኔ ነኝ?» አለ ሐኪሙ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ኧረ እኔስ የማንም አይደለሁም!»

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ከቤቷ ግድግዳ ጋር ተፋጣ የምትውለውን ቀን ወንድሟ አያውቅም። ቆማ እንደምትበላ፣ ሰው ያለ እንዲመስላት ሬዲዮኑን ከፍታ እንደምትተኛ አልነገረችውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው የሚነካት ሊያጽናናት ብቻ ነው፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። እዚህ እጇን የሚይዟት እንድትዞር ነው። ይህን እንዴት አድርጋ፣ በየትኛው ዙር፣ በሩን በምታልፍባት ቅጽበት ታስረዳው?

«ስሚኝ» አለ ወንድሟ ለሦስተኛ ጊዜ ስትደርስ። ዐይኑ ቀልቷል። «ቀጥሎ ስትመጪ ካልወጣሽ እህት የለኝም። በቃ።»

ያን ዙር እንዴት እንደዞረችው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ትወደዋለች፤ የከበዳትም ይኸው ነው። ባትወደው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዙር አፉን ታስይዘው ነበር።

ሐኪሙ ዐይኗ በሩ ላይ እንደቀረ አየ። «ከፈለጉ ጥግ ጥጉን ይዤ በር ላይ አደርስዎታለሁ» አለ፤ «ማንም አይታዘብዎትም።»

ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን አናደዳት። ሁሉም ሰው እሷን በቀስታ፣ በክብር፣ ክንዷን ደግፎ ለማስወጣት ምን ያህል ዝግጁ ነው!

«ማን እወጣለሁ አለ? ይልቅ ጠበቅ አድርገው ይያዙኝ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ወንድሟ እጁን ዘረጋ። ስንቱን ክፉ ቀን ያሻገራት እጅ ነው። አየችው፤ ጣቶቹ አርጅተዋል።

«አልወጣም ጋሼ» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም፤ ከሙዚቃው በላይ ወጥቶ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ዐይኑን ገለጠ። «እሱ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም!»

ዞራም አላየች። የአዳራሹን ወርድ ተሻገረች፣ በመስታወቱ በኩል አለፈች፣ ማዕዘኑን ታጠፈች። ተመልሳ ስትመጣ ወንድሟ ቆሞበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

የመንገዱ ነፋስ እየገባ ነበር። ሙዚቃው ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን አቁሞታል፤ ዘንቢል ያንጠለጠለ ሰውዬ፣ ከሥራ የሚመለሱ ሴቶች፣ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ያያሉ። አንዷ እሷን እየጠቆመች ለጓደኛዋ የሆነ ነገር አለቻት። እንባዋ መጣ። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል፤ የምትጠርግበት አልነበራትም።

የዳንስ አሠልጣኟ አይታ በሩን ልትዘጋው ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።

«ተዪው!» አለቻት እትዬ ፍሬን ከወለሉ መሀል። «ክፍት ይሁን።»

ከዚያም ፊቷ እንደረጠበ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ደጁን ሞልቶ በቆመው ሰው ፊት ዞረች።