ምን ተሰማሽ?

እናቷ የተቀበረች ዕለት አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ግማሹ ለቀስተኛ «እግዜር አጽንቷታል» አለ፤ ግማሹ «ልበ ደንዳና» ብሎ አማት። ለእሷ ሁለቱም የሌላ ሰው ወሬ ነበር።

ዓመት ሞላ። ኪኒኑ ሁሉ አልሠራ ሲል እህቷ ትርሲት ድብርትን በማግኔት ያክማሉ ወደተባሉ ሐኪም ወሰደቻት። መሣሪያው በየቀኑ ጭንቅላቷ ላይ እንደ ግንደ ቆርቁር ቋ ቋ ቋ ይላል።

«ዛሬስ ምን ተሰማሽ?» ይሏታል ሐኪሙ።

«ምንም።»

ሕክምናው ሊያልቅ ሲቃረብም መልሷ ያው ነበር።

አንድ ቀን ከትርሲት ጋር ከሕክምና ተመልሰው ቤት ሲገቡ፣ ከበሩ ኋላ ተደግፎ የኖረው የእናቷ ምርኩዝ ተንሸራቶ ወደቀ። አነሳችውና እንደ ድሮዋ ወደ ጓዳ ጮክ ብላ፣ «እማዬ፣ ምርኩዝሽ ወደቀ!» አለች።

የመለሰላት የለም። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ከዚያ ምርኩዙን እንዳቀፈች መሬት ላይ ተዘርግታ፣ «ወይኔ እናቴን!» ብላ ጮኸች።

ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ።

«ኧረ ማን ሞተ?»

«እማዬ! እማዬ ሞተችብኝ!»

ትርሲት በሩ ላይ ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው።