የሰዓት ሠሪው መልሕቅ

የሰዓት ሠሪው አማት «ለሁለት ሳምንት ነው» ብለው መጥተው ስምንተኛ ወራቸውን ያዙ። አልጋቸው የተዘረጋው እሱ ሰዓት በሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሥራ ጠረጴዛው ወደ ማድ ቤት ተሰደደ። ባለፈው የደንበኛ ሰዓት ብሎን ሾርባ ውስጥ ተገኘች። አማት ናቸውና «ይሂዱልኝ» አይባል! ሆድ ይፍጀው ብሎ ከረመ።

በመጨረሻ ሰውን በንግግር አፍዝዞ የማዘዝ፣ የሦስት ቀን የሂፕኖሲስ ሥልጠና ገባ። አሠልጣኙ ያስተማረው ይህን ነው፤ ሰውየው እንደተቀመጠው ተቀመጥ። ሦስት እውነት ተናገርና አራተኛው ላይ ፍላጎትህን ሸጉጥ። ሲስቅ ትከሻውን ንካው፤ ይህ መልሕቅ ይባላል፤ ሌላ ቀን ያንኑ ቦታ ስትነካው ደስታው ተመልሶ ይመጣል። ደግሞ «ትሄዳለህ ወይ?» ብለህ እንዳትጠይቅ፤ «ቅዳሜ ነው እሁድ?» በል።

አማቱ ጡረታ የወጡ የሕፃናት ነርስ ናቸው። አርባ ዓመት መርፌ ሲወጉ ኖረው አሁን ሹራብ ይሠራሉ። «አንድም ልጅ አስለቅሼ አላውቅም፤ የትኛውን ክንድ እንደምወጋ ራሱን አስመርጠዋለሁ» ማለት ይወዳሉ። ሰዓት ሠሪው ይህን ወሬ መቶ ጊዜ ሰምቶታል።

እሁድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀመጠ። እግራቸውን ሲያጣምሩ አጣመረ።

«እማማ፣ ፀሐዩ ሞቅ ብሏል። ሹራቡም እያለቀ ነው። ወንበሩ ተመችቶዎታል። ወንድ ልጅዎ ቤት መሄድም አምሮዎታል።»

አማቱ ከት ብለው ሳቁ። ቶሎ ብሎ ትከሻቸውን ነካ። እሳቸውም መልሰው የእሱን መታ መታ አደረጉለት። አብረው ሳቁ።

«ቅዳሜ ይሻላል እሁድ?» አለ።

«ቅዳሜ። ልጄ እንደሆነ ክፍሉን አዘጋጅቶ ጨርሷል። ጸጥ ያለ ነው፣ ብርሃንም አለው፣ ለእጅ ሥራ ይመቻል። ሻንጣው ትልቁ ይሁን ትንሹ?»

«ትልቁ!» አለ፤ ለቀረ ዕቃ ብለው እንዳይመለሱ።

ሳምንቱን ሙሉ እንደ አውራ ዶሮ ሲንጎራደድ ሰነበተ። ሚስቱ ባየችው ቁጥር ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓዳ ትገባለች። የእናቷ መሄድ ሆድ አስብሷት ነው ብሎ አዘነላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ራሱ ተሸክሞ አራት ፎቅ ወረደ። ይከብዳል፤ ውስጡም ብረት ብረት ይንኳኳል። የሹራብ መርፌ ነው መቼም! ደጅ የቆመው ባለ ታክሲ አድራሻው ቀድሞ ተነግሮታል።

«ከፊት ትቀመጣለህ ከኋላ?» አሉት አማቱ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው።

ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሳቁ መጣ፤ ደስ ደስ አለው።

«ከፊት!» ብሎ ገባ።

በሩ ተዘጋ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። «እፎይ፣ ተገላገልኩ!» አለና እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበ።

አማቱም ሹራባቸውን እንደያዙ ከደጃፉ ላይ አውለበለቡለት።