ከቃሊቲ ፒያሳ

በዓመት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ከተከለከለ ወዲህ የቃሊቲው የባቡር ዴፖ ሙዚየም ሆኗል። የቀድሞዋ ሾፌር ተዋበች አሮጌውን ባቡር ለጎብኚዎች መቶ ሜትር ነድታ ትመልሳለች፤ ይህም ከዓመቱ የጉዞ ድርሻዋ ይቀነሳል። ፒያሳ ለምትኖረው እህቷ ልጅ የሠራችውን ሹራብ፣ ልጁ ሳታየው ስላደገ፣ ሁለቴ ተርትራ አስፍታዋለች።

«ድሮ ፒያሳ በቀን ስድስቴ እመላለስ ነበር» አለች።

«ኧረ ማዘር፣ ትንሽ ቀንሺው!» ብላ አንዲት ጎብኚ ሳቀች። «እስቲ አንዴ ደግመሽ ንጂልን!»

ለተዋበች የቀራት ጉዞ ፒያሳ ደርሶ መመለሻ ብቻ ነበር። ጎብኚዋን በራሷ የሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ «እጀታውን ቀስ ብለሽ ግፊው» አለቻትና ወረደች።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሳይታወቃት ሁለት እርምጃ አብራው ሄደች፤ ከዚያ «ይሄም ይቆጠርብኝ ይሆን?» ብላ ቆመች።