ለተረፉት አራት መስመር

«አሳዪኝ አልኩሽ!» ማልሱን መጥረጊያዋን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ቆመች።

«ምኑን፣ እትዬ ማልሱን?» አለች ጋዜጠኛዋ ዳሶም፣ ወረቀቶቹን በክንዷ እየሸፈነች።

«ሁለቱን ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጣላችሁትን ስጠርግ የኖርኩት እኔ አይደለሁ? የማላውቅ መሰለሽ?»

ታውቃለች። እዚህ ዜና ክፍል የነገሩ መጨረሻ ሳይታወቅ ሁለት ጽሑፍ ይሰናዳል፤ አንዱ ለሞት፣ አንዱ ለሕይወት። ቁርጡ ሲመጣ አንዱ ይታተማል፣ ሌላው ቅርጫት ይገባል። የባሏ የቻንግሶ ጀልባ ከጠፋች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። የሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ሚስቶች ሞክፖ ወደብ ላይ ተደርድረው ባሕር ባሕሩን ያያሉ። እሷ ግን ወሬው ቀድሞ የሚገባው እዚህ ነው ብላ ወደ ሥራዋ መጣች። ቤትሽ ሂጂ ቢሏት አሻፈረኝ አለች።

ዳሶም ክንዷን አነሳች።

ለሞት የተሰናዳው ሙሉ ገጽ ነው። ዘጠኝ ዓሣ አጥማጅ፣ ዘጠኝ ፎቶ። ቻንግሶ ለልጃቸው ሠርግ የገዛውን ክራባት አስሯል። ፎቶውን ያመጣችው ራሷ ናት፣ ለፈላጊዎቹ የሚሰጥ መስሏት። ለሕይወት የተሰናዳው አራት መስመር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ባዶ።

«ይቺው ናት? ለዘጠኝ ሰው?»

«እትዬ... ከተገኙ ያኔ ራሳቸው ይነግሩናል ብለን እኮ ነው።»

«እኔ እነግርሻለሁ። ጻፊ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እዚህ ቤት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። «ቤት ገባ በይ። ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ዘው አለ። ወለሉን አጨቀየኸው፣ አንተ ዋልጌ! አልኩት።»

«ዋልጌም ይግባ?»

«ይግባ እንጂ! ስሙ ነው።»

ዳሶም ሳቋ አመለጣት። ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ጻፈች።

የአዘጋጁ የአቶ ናም ስልክ ጮኸ። የባሕር ጠባቂዎቹ ናቸው። «አቤት... ዘጠኙም? እሺ» ብሎ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ወደ ማልሱን ቀና ብሎ ያየ የለም። አቶ ናም መጣ፤ ከጠረጴዛው ላይ ሙሉውን ገጽ አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፣ ሄደ።

ማልሱን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች ናት።

ዳሶም ጣቶቿን ከፊደሎቹ ላይ አላነሳችም። «እሺ፣ እትዬ» አለች። «ከዚያስ ምን አለዎት?»

«ራበኝ» አለች ማልሱን። «ራበኝ አለኝ።»