ሻምበል ከሌላ እጅ አይበላም

ውሻው ሻምበል ጉበቱን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ጋሽ ቀናው ወዲያው ገባቸው፤ የጠላው የጓንቱን ላስቲክ ነው። ጓንቱን ከእጃቸው ላይ መንጭቀው ጣሉና ጉበቱን ባዶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት።

የእንስሳት ሐኪሟ እየሩሳሌም ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆማ በቀዳዳው ታያቸው ነበር። ጓንቱን መልሰው እንዲያጠልቁ ለመነቻቸው።

«ተዪኝ ልጄ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ከእኔ እጅ በቀር አይበላም።»

ይህንን ነገር ስንት ቦታ ኮርተው አውርተውታል፤ በእድር ስብሰባ፣ በኡሙልኸይር ሱቅ ደጃፍ። ሌባ መጀመሪያ የሚወረውረው መርዝ ያለበት ሥጋ ነው፤ አቃቂ ውስጥ ስንት ግቢ እንደዚያ ተዘርፏል። ስለዚህ ሻምበል ገና ቡችላ ሳለ ሥጋ ውስጥ ሚጥሚጣ እየቀበሩ ጎረቤቱን በየተራ ጠርተው ያሰጡት ነበር። ኡሙልኸይር ሰጠችው፣ ተቃጠለ። የገዛ ሚስታቸው አሰለፈች ሰጠችው፣ ተቃጠለ። ከጋሽ ቀናው እጅ የመጣው ብቻ ጣፈጠው። እሱንም የሚበላው እሳቸው ቀምሰው ሲያሳዩት ነው፣ ለእንግዳ ጠጅ ተቀምሶ እንደሚቀርበው። አምና ታመው ሆስፒታል ሦስት ቀን ሲተኙ ሻምበል ሦስቱንም ቀን እህል በአፉ አልዞረም። «ጾመልኝ እኮ» እያሉ ሲያወሩት ከረሙ።

በጥቅምት ይህችው እየሩሳሌም የውሻ ክትባት ይዛ በየቤቱ ስትዞር እዚሁ በር ላይ ቆማ ነበር። አፉን በገመድ ጠምጥመው ራሱን ይያዙልኝ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ብትላቸው ሳቁባት። አፉ የታሰረ ውሻ ልቡ ይሰበራል፣ ልቡ የተሰበረ ውሻ ሰው ይለምዳል፣ ሰው የለመደ ውሻ ደግሞ ምን ሊሠራ ይቀለባል አሏት። ደግሞስ ከግቢ የማይወጣ ውሻ በሽታውን ከየት ያመጣዋል?

በሽታው በእግሩ መጣ። ባለፈው ሰኞ ለሃጩ የሚዝረበረብ አንድ ውሻ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ሻምበል ታግሎ ገደለው፤ ግን እሱም ጆሮው ሥር ተነከሰ። የሞተው ውሻ ጭንቅላት ተመርምሮ ትናንት ውጤቱ ሲመጣ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ተባለ። አሰለፈች ይህንን ስትሰማ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ባሏን አላናገረችም።

ጋሽ ቀናው ያልለመኑት ልመና የለም። አሁኑኑ ይከተብ አሉ። ከዚህ በፊት አንዴም ያልተከተበ ውሻ ከተነከሰ በኋላ ክትባቱ አያስተማምንም አለቻቸው ሐኪሟ። ስድስት ወር ታስሮ ይቆይ፣ እኔው እጠብቀዋለሁ አሉ። ለእሱ ደግሞ ማንም የማይደርስበት ድርብ በር ያለው ክፍል ያስፈልጋል፤ እዚህ ያለው አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነው። የኡሙልኸይር የአራት ዓመት ልጅ ናዕማ በዚያው ቆርቆሮ ቀዳዳ እጇን እየሰደደች «ሻምቤ» ትለዋለች።

«በሽታው ሲነሳበት እርስዎንም አያውቅዎትም» ነበር ያለቻቸው እየሩሳሌም።

እናም አሁን ጉበቱ ውስጥ እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት አለ። ሲደክም እየሩሳሌም ገብታ የመጨረሻውን መርፌ ትወጋዋለች። ምነው ሌላ ሰው በሰጠው! ግን ማን ይስጠው፣ የሌላውን ሰው እጅ ሁሉ ያስጠሉት ራሳቸው ናቸው።

«ብላ ሻምበል።»

አልበላም። ቁጢጥ ብሎ አፍ አፋቸውን ያያል። ጋሽ ቀናው ረስተውት ነው፤ አልቀመሱለትም።

መድኃኒቱ ካልነካው ጠርዝ ትንሽ ቆርሰው ጎረሱ። አላምጠው መዋጥ አቃታቸው። ሻምበል ዐይኑን ከጉሮሯቸው ላይ አልነቀለም፤ እሳቸው ሳይውጡ አይነካም፣ እንዲያ ነው የተማረው። እንባቸው እየወረደ ዋጡት።

ያን ጊዜ ጭራውን ቆላና ጉበቱን ከመዳፋቸው አነሳ። በልቶ ሲጨርስ እንደ ወትሮው መዳፋቸውን ላሰ። እየሩሳሌም ከውጭ ሆና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው እርስዎም መከተብ አለብዎት ትላለች። ጋሽ ቀናው አይሰሟትም። መሬት ተቀምጠው አንገቱን ያሻሹታል። ከቂሊንጦ የሚመለሱ የፋብሪካ ሰርቪሶች በአስፋልቱ ያልፋሉ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እያንዳንዱን ይጮህበት ነበር።

ዐይኑ መክበድ ሲጀምር በሩ ሲጥ አለ። እየሩሳሌም መርፌዋን ይዛ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ገባች።

የሻምበል ጆሮ ቀጥ አለ። ሊነሳ ሞከረ፣ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። በፊተኞቹ እየተጎተተ ሄዶ በጋሽ ቀናውና በሐኪሟ መካከል ተጋደመ፤ ጥርሱንም አሳያት።

እየሩሳሌም ባለችበት ቆመች። «ወዳጅ ናት ይበሉት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚያውቀው ቃል የለም?»

ጋሽ ቀናው አሰቡ። ያዝ አስተምረውታል። ጠብቅ አስተምረውታል። እንዳታስገባ አስተምረውታል። ሰው ሲመጣ ተው፣ ይግባ የሚባልበትን ቃል ግን በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አላስተማሩትም።

ዐይኑን በመዳፋቸው ሸፈኑለት። ሻምበል እጃቸው ሥር ሆኖ፣ እየሩሳሌም ተንበርክካ እግሩን እስክትይዘው ድረስ፣ ጌታውን ከእሷ ለመጠበቅ ያጉረመርም ነበር።